በዋይፋዩ ጀርባ የተሰካችው መርፌ

መርፌዋ አልዛገችም። አምና አዲስ መሥመር ሊያስገባ የመጣው ቴክኒሻን አሮጌውን ዋይፋይ ከመስኮቱ ላይ አንስቶ ሲያቀብለኝ፣ ከጀርባው በተለጠፈው ፕላስተር ላይ እንደተሰካች ነበረች። ሳጥኑን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የሞቀ ፕላስቲክ፣ አቧራና የስፌት መኪና ዘይት ሸተተኝ። አባቴ ልብስ ሰፊ ስለሆነ ቤታችን ውስጥ የስፌት መኪና ዘይት የማይሸት ነገር የለም።

"ይሄ እንኳን ጊዜው አልፎበታል። ይጣል?" አለ ቴክኒሻኑ።

"ተወው፣ እዚያው ይቀመጥ" አለ አባቴ፣ ከመኪናው ቀና ሳይል።

ቴክኒሻኑ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ለምን እንዳልቻልኩ እስከ ዛሬ ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ላንተ ልንገርህ፤ ብቻ እስክጨርስ አታቋርጠኝ።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። አሶሳ ውስጥ ከገበያው ዝቅ ብሎ ያለው ቤታችን በቀርከሃ የታጠረ ነው፤ ከአጥሩ ውጭ አንድ ትልቅ ማንጎ አለ። ግድግዳው ጭቃ ቢሆንም አባቴ ምስጥ ፈርቶ ጓዳውን በሙሉ በቆርቆሮ ለብጦታል። እናታችን ከሞተች ጥቂት ዓመታት ሆኗት ስለነበር በቤቱ የቀረነው ሦስት ነን፤ አባቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ። አባቴ በሰፈራው ዘመን በልጅነቱ ከወሎ መጥቶ፣ መማር እያማረው ሳይማር የቀረ ሰው ነው። ወንድሜ ኮሌጅ የገባ ሳምንት አባቴ ለጎረቤቱ ሁሉ ሱሪ በነጻ አሳጠረ። ከዚያ ወዲያ ወንድሜን "ኢንጂነር"፣ እኔን ደግሞ "ምላሷ" ይለን ጀመር። ከሁለቱ ስም ልክ ሆኖ የተገኘው የኔው ብቻ ነው።

ዋይፋይ ካልገባልን አንማርም ብለን አባታችንን ወር ሙሉ ነዘነዝነው። በመጨረሻ "ርካሽ ይሁን፣ ግን የሚሠራ ይሁን" ብሎ ሁለታችንን ላከን። ባለሱቁ ስልክ የሚጠግን፣ በአማርኛው ወንድና ሴት የማይለይ የበርታ ሽማግሌ ነበር። እኔ ከመደርደሪያው ላይ አራት አንቴና ያለውን ጥቁሩን አይቼ ልቤ ሄደ። ወንድሜ ግን አንድ ሰው የተጠቀመበትን ባለ ሁለት አንቴና ነጭ ሳጥን ያገላብጣል።

"አንተ ልጅቷ፣ ስማ" አለኝ ባለሱቁ። "ያ አራት ቀንድ አለው። ወላሂ፣ ቀንድ ወተት አይሰጥም።"

ወንድሜ በሳቅ ሞተ። ነጩን ሱቁ ውስጥ አሰካና ስልኩን እንደ ፋኖስ ከፊቱ ይዞ መንገዱን ሽቅብ ሄደ። በየጥቂት እርምጃው ቆሞ ያያል፣ ይሄዳል። ፀሐዩ ቀዩን አፈር አግሎት ነበር። ከሩቅ "እስከ ዳቦ ቤቱ ይደርሳል!" ብሎ ሲጮህ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየው። ወንድሜን ሳስበው ብዙ ጊዜ የሚመጣብኝ እንደዚያ ሆኖ ነው።

"ቆርቆሮ አይወድም" አለን ባለሱቁ ዕቃውን እየጠቀለለ። "ከፍ አድርግ፣ መስኮት አሳየው። ሲያስቸግር መጀመሪያ አጥፋ፣ እስከ ሃያ ቁጠር፣ አብራ። እምቢ ካለ ገመዱን ንቀል፣ መልስ። እምቢ ካለ ቦታ ቀይር። መርፌ መጨረሻ ነው።" ከጀርባው ያለችውን ጠባብ ቀዳዳ በጥፍሩ አሳየን። "እዚህ በመርፌ ከተጫንክ ሁሉን ይረሳል። ባለቤቱንም ይረሳል። መርፌ አትቸኩል።"

አባቴ ለዚያች ቀዳዳ የምትሆን መርፌ ከመርፌ መሰኪያ ትራሱ መርጦ ሰጠን፤ ወንድሜም በፕላስተር ከጀርባው ሰካት። የመሥመሩን ስም "ቤታችን" አለው። ለፓስወርዱ፣ አባቴ ወሎ ስለቀረው ስለ አያቴ በሬ ማውራት ስለማይሰለቸው፣ "ዳለቻ" እንበለው አለ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሰባት ብቻ ሆነና ሳጥኑ ስምንት ካልሆነ አልቀበልም አለ። ወንድሜ አንድ ቁጥር ጨመረበትና በእስክሪብቶ ፕላስተሩ ላይ ጻፈው። አባቴ በሬው ኢንተርኔት ጠባቂ መሆኑን ሲሰማ እስኪያለቅስ ሳቀ። ያኔ የምንስቅ ሰዎች ነበርን።

ኮሌጅ በገባ በሁለተኛው ዓመት ወንድሜ ትምህርቱን ጥሎ ወርቅ ቁፋሮ ገባ። ጓደኞቹ ከቁፋሮ በሞተር ሳይክል ሲመለሱ አይቶ ነው። አባቴ መጀመሪያ ለመነው፣ ቀጥሎ ተቆጣው፣ በመጨረሻ ከደጃፉ ላይ ቆሞ ማለ።

"ማርያምን! ያለ ሽማግሌ ይህን ደጃፍ ብትረግጥ አባት የለህም!"

ወንድሜ ቻርጀሩን ከሶኬቱ ነቅሎ ወጣ።

እንዲህ ያለ መሐላ መፍቻው ይታወቃል። ልጅ ሽማግሌ ይልካል፣ አባት ትንሽ ይግደረደራል፣ ከዚያ ይታረቃሉ። አባቴ ለሽማግሌዎቹ መቀመጫ ብሎ የተሰበረውን አግዳሚ ወንበር ሳይቀር አስጠግኖ ነበር። ሽማግሌ ግን አልመጣም። ወንድሜም እንደ አባቴ ነው፣ አንገቱ አይታጠፍም።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ዋይፋዩ ለጥናት ካስቀመጥንበት ጓዳ ጠፋ። አባቴ ወስዶ አጥሩን የሚያየው መስኮት ላይ፣ ከስፌት መኪናው ራስጌ አስቀምጦታል።

"ሙቀት ፈጀው እኮ። ንፋስ ይፈልጋል" አለኝ።

ጓዳዬ በዚያ ሁሉ ቆርቆሮ መሀል መሥመር አልባ ሆነ። ተናድጄ መለስኩት። በማግስቱ መስኮቱ ላይ አገኘሁት፤ ደግሜ መለስኩት፣ ደግሞ ወሰደው። በሦስተኛው ቀን፣ የገበያ ቀን ነበር፣ ሲመሽ "ስንት ሰው ገብቷል?" አለኝ። ማን እየተጠቀመ እንደሆነ የሚያሳየውን ገጽ ከፍቼ አየሁ። የኔ ስልክ፣ የአባቴ ስልክ፣ ሦስተኛው የወንድሜ ስልክ። ቀና ብዬ በመስኮቱ ሳይ በቀርከሃው ስንጥቅ መሀል፣ ማንጎው ሥር፣ የስልክ ብርሃን ያረፈበት ፊት አለ። ከስቷል።

"ሦስት" አልኩ።

ሦስተኛው ማነው ብሎ አልጠየቀም። "እሺ። ራት አቅርቢ" አለና መኪናውን ከደነው። ያን ማታ ከስንት ጊዜ በኋላ ደህና በላ። እኔም ዋይፋዩን ዳግመኛ ከመስኮቱ አላነሳሁትም።

እንዲህ ሆኖ ወራት ሄዱ። ወንድሜ በየገበያው ቀን ከቁፋሮ ይመጣና ማንጎው ሥር ቆሞ የጓደኞቹን መልእክት ያያል፣ ይሄዳል። አባቴ ይጠይቀኛል፣ እኔ "ሦስት" እላለሁ። መሐላውም አልተነካ፣ ልጁም መጣ። አንድ ቀን ግን አላስችል አለኝና ቆሻሻ የምደፋ መስዬ ወጣሁ። እጁ እንደ ድንጋይ ሻክሯል።

"ግባ እንጂ!" አልኩት።

"ባዶ እጄን? ይዤ ስመጣ በሽማግሌ እገባለሁ።"

"እሱ እኮ ያውቃል..."

"ዝም በይ፣ ይሰማናል!" ብሎ ጥሎኝ ሄደ። አባቴ መስኮቱ ላይ ለማን ብሎ እንዳስቀመጠው ልነግረው ነበር። አላስጨረሰኝም። እኔም ኩራቱ አንገበገበኝና ተከትዬ አልሮጥኩም።

ከዚያ የክረምቱ መብረቅ መጣ። አንድ ከሰዓት መብራት ሄዶ ሲመለስ የዋይፋዩ መብራት ቀይ ሆኖ ቀረ። አጥፍቼ ሃያ ቆጠርኩ። ገመዱን ነቅዬ መለስኩ። ቦታ ቀየርኩ። በመጨረሻ መርፌዋን ከፕላስተሩ ነቅዬ ቀዳዳውን ተጫንኩ። መብራቶቹ ሁሉ ጠፍተው እንደ አዲስ በሩ፤ ባለሱቁ እንዳለው ሁሉን ረሳ። አባቴ ልብሱን እየተኮሰ ያየኝ ነበር።

"ዳነ?" አለኝ።

"አብሽር፣ ዳነ።"

ዋይፋዩ ስሙን ሲጠይቀኝ "ቤታችን" ብዬ እንደነበረው ጻፍኩ። ፓስወርዱን ሲጠይቀኝ የወንድሜ ጽሑፍ ዓይኔ ሥር ነበር፣ ዳለቻና አንድ ቁጥር። ጣቴን አንስቼ አሰብኩ። ቢቸግረው ያንኳኳል አልኩ። ከዚህ አጥር ሥር የሚያቆመው ይሄ ነገር አይደል? ይሄ ከተዘጋበት አንድ ቀን በሩን ይመታና "ፓስወርዱ ስንት ነው?" ይላል፣ እኔ እከፍትለታለሁ፣ አባቴ ፊት ለፊት ያየዋል፣ ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ ምን ያደርጋል? ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። ሌላ ፓስወርድ ጻፍኩ።

የገበያው ቀን ሲመሽ መብራት አጥፍቼ ከመጋረጃው ኋላ ቆምኩ። መጣ። ስልኩን አወጣ፣ ፊቱ በራ። ጠበቀ። ነካካው። ስልኩን ከፍ አድርጎ ወደ አጥሩ አስጠጋው። እንደገና ነካካው። አንኳኳ፣ አንኳኳ እላለሁ በሆዴ። ቀና ብሎ መስኮቱን አየ፤ እኔን ማየት እንደማይችል አውቃለሁ፣ ግን ዓይኔ ውስጥ ያየኝ መሰለኝ። ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከቶ ሄደ። ለሚቀጥለው ገበያ ያንኳኳል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በሩና እኔ መሀል አሥር እርምጃ አይሞላም ነበር።

"ስንት ሰው ገብቷል?" አለ አባቴ ከወዲያ ክፍል።

"ሁለት።"

"ዝናብ ይዞት ይሆናል" አለ። ያን ቀን ጠብታም አልጣለም።

ዝናቡ የመጣው በማግስቱ ነው። ሦስት ቀን ሳያባራ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሁለት ሰዎች ጭቃ በጭቃ ሆነው ደጃፋችን ቆሙ። ጉድጓዱ ተንዶበት ነበር።

በልቅሶው ድንኳን ውስጥ አብሮት ይቆፍር የነበረ ጓደኛው ስልኩንና ልብሱን በፌስታል ይዞ መጣ። ሰው ከቦ ሲጠይቀው፣ መናገር ይቅለለው ብሎ ነው መሰል፣ ሁሉንም አወጣው።

"ሌሎቻችን ዝናቡን ፈርተን ስንወጣ እሱ ወዴት ልሂድ ብሎ ቀረ። ባለፈው ገበያ ከተማ ደርሶ ሲመለስ ልቡ ተሰብሮ ነበር። ከአጥሩ ሥር ሆኜ መሥመር እንኳን እንዳላገኝ አባዬ ዘጋብኝ፣ ይቺን አንዷን እንኳን ዘጋብኝ አለኝ።"

እኔ ለለቀስተኛ ውሃ እያደልኩ ነበር፤ ጣሳው እጄ ላይ ቀረ። ሰው ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ ግን የዞረው ወደ እኔ ነው። ስለ ዋይፋይ ከቦታ ቦታ ከማዛወር ያለፈ የሚያውቀው የለም። መርፌዋን ስነቅል ግን አይቶኛል፣ "ሁለት" ስል ሰምቶኛል። ፊቴ ላይ ያየውን እኔ አላውቅም። የሱን ፊት ግን አልረሳም፤ መጀመሪያ ገባው፣ ቀጥሎ ፈራልኝ።

"አዎ" አለ ወደ ሰው ተመልሶ። "እኔ ነኝ የዘጋሁበት።"

"አንተ ሰው፣ ምን ዓይነት አንጀት ነው ያለህ!" አሉት አንድ ሽማግሌ። አባቴ ነጠላውን ወደ ፊቱ ሳብ አደረገ። እስከ ዛሬ በሰፈራችን ልጁን ከአጥር ሥር ያባረረ የሚባለው እሱ ነው። ሱሪውን ሊያሳጥር የመጣ ሰው ሳይቀር አጠገቡ ቆሞ ሲያንሾካሹክ ሰምቻለሁ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን ግን እስከ ዛሬ የሚለቅመው አባቴ ነው።

ድንኳኑ በተነሳ ማግስት መርፌዋን ከመጋረጃው ላይ ነቀላት፤ ያን የመብረቅ ቀን እዚያ ሰክቻት ረስቼ ነበር። ወደ ፕላስተሩ መለሳት። "የድሮውን መልሺበት" አለኝ። ዳለቻን ከነቁጥሩ መልሼ ጻፍኩ። ስንት ሰው እንደገባ ግን ዳግመኛ ጠይቆኝ አያውቅም።

አሁን ዓይኑ ደክሟል፤ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አይችልም። ከሥራ ለእሑድ ስመጣ ለሳምንት የሚበቃውን መርፌ ክር አስገብቼ ትራሱ ላይ እሰካለታለሁ። እሱ መስኮቱ ሥር፣ እኔ እግሩ ሥር። በየእሑዱ አፌ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። አንድ ጊዜ ብቻ ወጣልኝ።

"አባዬ፣ ያኔ እኮ... እኔ..."

እጁ ራሴ ላይ አረፈ። ቆየ። ጣቶቹ የመኪና ዘይት ይሸቱ ነበር።

"ቀጣዩ ጥቁር ክር ይሁን" አለኝ። "የነገው ሥራ ጥቁር ሱሪ ነው።"

ጥቁር ክር አስገባሁለት።