ባለንብረቱ ይግቡ

ፌኔት በምትሠራበት በነቀምቴው የተሽከርካሪ ምዝገባ ቢሮ መስኮት ከጠዋት ጀምሮ ስታያቸው ነበር። ሽማግሌው አሮጌ ፒካፕ ግቢው ውስጥ አቁመው፣ ከኋላ ኪሳቸው ባወጡት ጨርቅ ታርጋውን ይወለውላሉ። ካኪ ኮታቸው ክርኑ ላይ ነጥቷል፤ ጫማቸው ግን እንደ መኪናዋ ያበራል። ወረፋው ለሌላው ሰው መከራ ነው፤ ለእሳቸው የበዓል ዋዜማ ይመስላል። ሊብሬው የተመዘገበው በአንድ የሲሬ ነጋዴ ስም ነው፤ ዛሬ ወደ እሳቸው ይዞራል።

መርማሪው የሻንሲውን ቁጥር ግራሶ ሸፍኖበት ጎንበስ ቀና ሲል፣ እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቁጥሩን አንድ ሳያስቀሩ በቃላቸው ጠሩት። ጠርጎ ቢያየው ልክ ነው።

"ኦቦ፣ ይህን ሁሉ እንዴት ያዙት?" አለ መርማሪው።

"ሃያ ሁለት ዓመት ለሰው ስነዳት ኖሬ ይጠፋኛል እንዴ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ?"

ፌኔት ፋይሉን ጨርሳ ከውስጥ ተጣራች፤ "ባለንብረቱ ይግቡና ይፈርሙ!"

በሩ ወዲያው ተከፈተ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በሩን ወለል አድርገው ይዘው፣ ፈቀቅ ብለው ቆሙ። ዓይናቸው ኮሪደሩን ይቃኛል። የሚመጣ ሰው አልነበረም።

"ኦቦ፣ እርስዎን እኮ ነው" አለች ፌኔት፣ ሳቋ እያመለጣት።

"ኤ?" አሉ። እጃቸውን በጨርቁ ጠረጉ፤ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። ከዚያም ለባለንብረቱ በከፈቱት በር፣ ቀስ ብለው፣ ራሳቸው ገቡ።