የሬይኖ ፎልደር

ኦርቮ ሂየታላ የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ኃላፊ ነበር። በካናዳዋ ተንደር ቤይ ከተማ ውስጥ እንደ እሱ ቁጥብ ሰው አላየሁም። እኛ ቀያሾች ሥራችንን የምናስቀምጥበትን የጋራ ሰርቨር ያደራጀው እሱ ነው። ማንም ሲከፍተው የሚታየው የተፈቀደለት ፎልደር ብቻ ነው፤ የሌላው ስሙ እንኳ አይወጣም።

«ዛሬስ ምን ሸሸግክብን?» እያልን እናሾፍበታለን።

«ዓይን ያላየውን ልብ አይመኝም። አርፋችሁ ሥሩ!»

አንድ ኅዳር፣ የሐይቁ በረዶ ገና ሳይጠነክር፣ ጓደኛችን ሬይኖ በበረዶ ላይ በሚነዳ ሞተር ሊሻገር ሲል በረዶው ተሰብሮ ከዳው። ሞተሩ ወጣ፤ አስከሬኑ ግን አልተገኘም። ባለቤቱ ኢርማ እዚያው መሥሪያ ቤታችን ሒሳብ ክፍል ነበር የምትሠራው። የመስክ ወጪውን የምታወራርድለትም እሷ ስለነበረች ፎልደሩ ይታያት ነበር።

ወደ ሥራ በተመለሰች ዕለት፣ እኔ ኦርቮ ዘንድ ቆሜ ሳለሁ በሩን በርግዳ ገባች።

«የሬይኖ ፎልደር የለም። አጠፋኸው?»

«ኧረ በጭራሽ! ሁሉም አለ። እንዳይታይ ብቻ ነው ያደረግኩት… ስሙን ባየሽ ቁጥር እንዳትሰቃዪ ብዬ።»

«ማን ጠየቀህ? ሐይቁ ደበቀብኝ፤ አንተም ደገምከኝ። እኔ እኮ መቃብር እንኳ የለኝም፣ ኦርቮ!»

ኦርቮ አንገቱን ደፋ። «በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ። አሁኑኑ ላንቺ እከፍተዋለሁ።»

«ለእኔ ብቻ አይደለም። አብረውት የዋሉት ሁሉ ይዩት።»

ማንም እንዳይነካካው አድርጎ ለሁላችንም ከፈተው። ውስጡ የመስክ ፎቶዎች ነበሩ፤ ግማሾቹን የሬይኖ አውራ ጣት ጋርዷቸዋል። አንዱ ላይ ቁርጥራጭ ፑላ፣ ጣፋጩ የፊንላንድ ዳቦ፣ መቀየሻ መሣሪያው ላይ ተሰድሮ ይታያል።

«ምሳ ዕቃ ሰጥቼው አልነበር? አይ ይሄ ሰውዬ!» አለች ኢርማ። ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። እኛም አብረናት።

በረዶው ሲቀልጥ አስከሬኑ ተገኘና ቀበርነው። ከዚያ በኋላ ነው ኦርቮ ጠረጴዛዋ ድረስ ሄዶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የጠየቃት፦

«ፎልደሩን ምን ላድርገው? አንቺ እንዳልሽ።»

«አሁን መቃብር አለው፤ ፎልደሩ ለእኔ ብቻ ይሁን።»

ያን ዕለት የሁላችንንም ፈቃድ አነሳ። የሰርቨሩ አስተዳዳሪ እሱ ነውና ምንም ነገር ከእሱ አይሰወርም ነበር። የሬይኖን ፎልደር ግን የራሱንም ስም ከተፈቀደላቸው ዝርዝር ሰርዞ ለኢርማ ብቻ ተወላት።