ዕቅዱን ያስደገመኝ የማሽላ ጠባቂ

የዚያን ዓመት ማሽላው እሸት ሲይዝ ወፉ በዝቶ፣ የቆቦ ሜዳ ከንጋት ጀምሮ በጩኸትና በወንጭፍ ይናጥ ነበር። የእኔን ማሽላ ማማ ላይ ሆኖ የሚጠብቅልኝ ከወዲያኛው ክልል፣ በዋጃ በኩል የመጣ ሰው ነው። ስሙን ስጠይቀው መሬት መሬት አየ፤ ተውኩት። በዚያ ሐሩር ጋቢውን እስከ አፍንጫው ይከናነባል። መኪና ሲሰማ ወፉን ትቶ አስፋልቱን ያያል።

አንድ ቀን ከቀበሌ ስብሰባ ስመለስ ምን እንደተባለ ጠየቀኝ።

«የአምስት ዓመት የፍትሕና የጸጥታ ዕቅድ አነበቡልን። ክልሎቹ ተስማምተው፣ ከአንዱ ሸሽቶ ሌላው ጋ የተጠጋ ተፈላጊ እየተያዘ ይመለሳል አሉ። አንተን እንደሁ የሚከስህ ወፍ ብቻ ነው!» ብዬ ሳቅሁ።

እሱ አልሳቀም።

«አደይ፣ በስንተኛው ዓመት አሉ?» አለኝ፤ በእነሱ ቋንቋ እናቴ ማለቱ ነው።

«በሦስተኛው።»

«እስቲ ይድገሙልኝ።»

ደገምኩለት። «እንግዲያ ሁለት አዝመራ አለኝ» አለ፣ ለራሱ ይመስል።

ከዚያ ወዲያ ፖሊስ በደጄ ባለፈ ቁጥር የእኔም ልብ ይመታ ጀመር። ምን አድርጎ እንደሸሸ ዛሬም አላውቅም።

ሁለቱን አዝመራ ግን አልጠበቀም፤ የመጀመሪያው ማሽላ ሳይታጨድ ሄደ። ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ጎብዬ ላይ፣ ወደ ደሴ በሚሄድ የጭነት መኪና ከጆንያ መካከል ተቀምጦ ነው።