የድኩላዋ ነፍስ

ልጅ ሳለሁ አያቴ ተረት የሚጀምሩት ከደም ቀለም ነበር። የሌላው ልጅ አያት ስለ ጅብና ስለ አህያ ሲያወራ፣ የኔው አባባ፣ የኮሶዬ ሰው ሁሉ አያ መንግሥቴ የሚላቸው አዳኝ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው እሳቱ ዳር ይቀመጡና «ደሙ አረፋ ካለው ሳንባው ተመቷል፤ ሩቅ አይሄድም» ብለው ይጀምሩልን ነበር። ያኔ ቤታችን ውስጥ ከኩራዙ ይልቅ የወይራው ፍም ያበራል፤ እኔና ሁለቱ ወንድሞቼ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን፣ በልባችን ገደል ለገደል ድኩላ እንከተል ነበር።

ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ተረታቸው ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር። ድኩላ ይቆስላል። ሞኙ አዳኝ ወዲያው ይከተለዋል፣ ድኩላውም በድንጋጤ ሮጦ ገደል ይገባል። ብልሁ አዳኝ ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ካልተከተሉት ይተኛል፣ ከተኛ ይደክማል። ከዚያ ደሙን ተከትሎ ይሄድና፣ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ፣ በስመ አብ ብሎ ይባርከዋል። ቢላዋ ሳይደርስበት ነፍሱ የወጣ ሥጋ በክት ነውና ክርስቲያን አፉ ላይ አያደርሰውም። ደርሶ ከባረከውም በኋላ ገና ነው፤ ሆዱ ከተነፋ፣ አንጀቱ ተቀዶ ፈርሱ ሥጋውን ካበላሸው፣ ወይም ብብቱ ውስጥ እጅ ሲሰዱ ከቀዘቀዘ፣ ለጅብ መተው ነው። አባባ እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ቀኝ እጃቸውን ዘርጋ አድርገው የማይታይ ድኩላ ብብት ውስጥ ይሰዱ ነበር። እኛ ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቃለን። «ቀዝቅዟል» ያሉ እንደሆነ ታናሽ ወንድሜ ያለቅሳል።

ነገሩ ደግሞ የማታ ወሬ ብቻ አልነበረም። በሬ ገደል ቢገባ፣ በግ ነብር ቢነክሰው፣ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ አባባ ነው። «አያ መንግሥቴ፣ ይዩልን፤ ይበላል?» ይሏቸዋል። ያሸታሉ፣ ይዳስሳሉ። «ሸጋ ነው፣ ብሉት» ካሉ ይበላል፤ ራሳቸውን ከነቀነቁ ባለቤቱ እንባው እየመጣም ቢሆን ይጥለዋል። ያ አሮጌ ምንሽር ጠመንጃቸውና ይህ መታመን ነበር ሀብታቸው፤ ሌላ አልነበራቸውም።

አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ዓይናቸው ደከመ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ድኩላ አፋፉ ላይ አግኝተው መቱ፤ አልወደቀችም፣ እንደቆሰለች ጥሻ ገባች። እንደ ተረታቸው ቁጭ ብለው ጠበቁ። ግን ጉም መጣ። የኮሶዬ ጉም ደግሞ አንዴ ከወረደ የገዛ እጅንም አያሳይ። ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ መንገድ ዳር የቆሙ ጎረምሶች «አያ መንግሥቴ፣ ዛሬስ ለጅብ ነው የተኮሱለት!» ብለው ሳቁባቸው። እኔ በራችን ላይ ቆሜ ሰማሁ። አባባ ፈገግ ብለው አለፏቸው፤ ያን ማታ ግን እሳቱ እየነደደ፣ እኛም ቆሏችንን ይዘን ተሰብስበን፣ ተረት አልነበረም። «ደክሞኛል» አሉን። እነዚያን ጎረምሶች ብነክሳቸው ደስ ባለኝ!

ሲነጋ ሊፈልጓት ሲወጡ ተከተልኳቸው። «በይ እንግዲህ፣ ዓይንሽን አውሺኝ» አሉኝ። ጤዛው እስከ ጉልበቴ አረጠበኝ። እሳቸው ደሙ ሲጠፋባቸው እኔ አገኘዋለሁ፤ ጠቆር ያለ፣ ቅጠል ላይ የደረቀ። «ጥቁር ከሆነ ጉበት ነው» አልኩ ኮራ ብዬ። «አዬ ስንድዬ፣ የኔ አዳኝ!» አሉኝ። እንዲህ ሲሉኝ እግሬ መሬት አልነካ አለኝ። በማታው ተረት ውስጥ ስሜ ሲጠራ ታየኝ።

ቀደም ብያቸው ሮጥኩና አስታ ጥሻ ሥር አገኘኋት። የጠዋት ፀሐይ ጎኗን እያሞቀው ነበር። ዓይኗ ተከፍቷል፤ ዝንብ አርፎበት አልጨፈነችውም። ሞታለች። ልጅ ብሆንም አውቄያለሁ፤ ስንት ማታ የተማርኩት ይህንኑ አይደል? አባባ ከኋላዬ በምርኩዛቸው ድንጋዩን እየመቱ ሲመጡ ሰማኋቸው፤ የጎረምሶቹ ሳቅም ጆሮዬ ላይ መጣ። አፌ ቀደመኝ።

«አባባ፣ ቶሎ ይምጡ! አሁን ተፈራገጠች! ነፍስ አላት!»

እንዴት ብለው እንደሮጡ! ያ የማይታጠፍ ጉልበታቸው! ደርሰው እጃቸውን ጎኗ ላይ ጣል አደረጉ፤ በፀሐይ ሞቋል። ወደ ብብቷ ሊሰዱት ሲሉ ቀና ብለው አዩኝ።

«አይተሻታል?»

«አይቻታለሁ። አሁን፣ እርስዎ ሲመጡ።»

«አንቺ ካልሽ» አሉና እጃቸውን መልሰው፣ ነፍሷ እንዳትቀድማቸው ተጣድፈው፣ በስመ አብ ብለው ባረኳት። ደም አልፈሰሰም። ቢላዋውን እንደያዙ ቆም አሉ። «ምነው ደሟ?» አሉ፣ ለራሳቸው ዓይነት።

«ሌሊቱን ሲፈስ አድሮ አልቆባት ይሆናል። እርስዎ አይደሉ ማታ ማታ የሚነግሩን?» አልኳቸው። በገዛ ተረታቸው አታለልኳቸው።

ፍስክ ነበርና ሥጋው ለጎረቤት ተዳረሰ፤ ማታ ቤታችን በሰው ሞላ። ጎረምሶቹም ሳይቀሩ መጥተው በሉ። አባባ እሳቱ ዳር ሆነው የድኩላዋን ነገር አንድ በአንድ ተረኩ፤ ስሜም ገባ። «ስንዱ ባትኖር ኖሮ ነፍሷ ቀድማኝ ነበር» አሉ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ ሆዴን አሞኛል ብዬ ከሥጋው አልቀመስኩም። ዛሬ ድረስ ከሁሉም የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

በማግሥቱ የበላው ሁሉ ታመመ። የባሰባቸው ጎረቤታችን እትዬ ዘርፌ ነበሩ፤ እኒያ ባልቴት ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ ዋሉ፣ ቄስ ሳይቀር ተጠራላቸው፣ ለጥቂት ተረፉ። ልጃቸው መጥቶ በራችን ላይ ቆመና «አያ መንግሥቴ፣ ምነው በክት አበሉን?» አለ። አባባ ልጅቱ ናት ያሳሳተችኝ አላሉም። «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉት፣ በቃ። ከዚያ እኔን ወደ ጓሮ ወስደው፣ ማንም ሳይሰማ፣ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ስንድዬ፣ አልቆጣሽም። ስትፈራገጥ በርግጥ አይተሻታል?»

የመጀመሪያው ውሸት የልጅ ነው፤ ይቅር ይባል ይሆናል። ለሁለተኛው ግን ምን ስም ልስጠው? አልቆጣሽም ብለውኛል እኮ! ግን ፈራሁ፣ መሬት መሬት እያየሁ «አይቻታለሁ» አልኩ።

«እንግዲያስ ዓይኔም እጄም ከድቶኛል» አሉ።

የንስሐ አባታቸው ጾምና ስግደት አዘዙባቸው። በዚያ ጉልበት! በየማለዳው ወድቀው፣ ግድግዳ ይዘው ሲነሱ፣ ደግሞ ሲወድቁ፣ እኔ ብርድ ልብሴ ውስጥ ተሸፍኜ አጥንታቸው ሲንቋቋ እሰማ ነበር። ንስሐው አለቀ፤ ሰው ግን አልተመለሰም። በሬ ገደል ሲገባ ወደ ሌላ ቤት ይሮጡ ጀመር። ምንሽሩም ከግድግዳው አልወረደም። ወንድሞቼ «አባባ፣ የድኩላውን ይንገሩን» ሲሏቸው «እኔ ምን አውቄ ልጆቼ» ይሉ ነበር። እኛም ቆሏችንን ቆርጥመን እንተኛለን። ያን ቤት ወደ ቀድሞው የሚመልሰው አንድ ቃል ነበር፤ እሱም እኔ ዘንድ ነበር።

አደግሁና ጎንደር ከተማ የእንስሳት ሕክምና ተማርኩ። ለምን ይህን መረጥሽ ሲሉኝ እንስሳት ስለምወድ እላለሁ። ሦስተኛ ዓመት ላይ፣ ዛሬስ የመጣው ይምጣ፣ እነግራቸዋለሁ ብዬ በሚኒባስ ወደ ኮሶዬ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን እየደጋገምኩ ነበር። ስደርስ በጋችን ገደል ገብቶ፣ አጎቴ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ ባርኮት፣ ሥጋው ሰፌድ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። የአባባን ዓይን ሞራ ሸፍኖታል። ድምፄን ሲሰሙ እጄን ፈልገው ያዙት።

«ተምረሻል አይደል? እስቲ እይልኝ። የኔ እጅ አይታመንም።»

አየሁት፣ አሸተትኩት፣ ዳሰስኩት። ደህና ነበር፤ የእውነት ደህና ነበር። «ሸጋ ነው አባባ፣ ይበላል» አልኳቸው። እሳቸውም ሳይነኩት፣ ሳያሸቱት፣ ልክ እንደዚያ ቀን፣ «አንቺ ካልሽ» አሉኝ።

እንዲህ የሚል ሰው ፊት ምን ተብሎ ይጀመራል? ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በማግሥቱ ፈተና ደርሶብኛል ብዬ ተመለስኩ። በዚያው ክረምት አረፉ።

ዛሬ የምሠራው ቄራ ነው፤ ሥጋ እየመረመርኩ ማኅተም እመታለሁ። አንዳንዱ ታሞ የታረደ በሬ ያመጣና «ሲታረድ ነፍስ ነበረው፣ እምላለሁ!» ይለኛል። መሐላውን አልፌ እጄን ብብቱ ውስጥ እሰዳለሁ። ባልደረቦቼ ሰው አታምኚም እያሉ ይስቁብኛል።

ልጆቼ ማታ ተረት አምጪ ሲሉኝ የአባባን ድኩላ አወራላቸዋለሁ፤ ደሙን፣ ጉሙን፣ ጤዛውን፣ አንድም አላስቀር። አስታው ጥሻ ሥር ስደርስ ግን አያ መንግሥቴ ሁልጊዜ በጊዜ ይደርሳሉ። በቀደም ትንሿ ልጄ ዓይን ዓይኔን እያየች «እማዬ፣ እውነት ነፍስ ነበራት?» አለችኝ።

«ነበራት» አልኳት። ይኸው ሦስተኛው ውሸቴ።