ቁልቁል የሚያብበው

ትናንት አመሻሽ ላይ ሆሳዕና ውስጥ ከአንድ አጥር የመጣ ሽታ አቆመኝ። ያ መለከት የሚመስለው አበባ ነው፤ ስሙን ሁሉም እንደፈለገው ይጠራዋል።

በጃንሆይ ጊዜ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ሆመቾ ካለችው አክስቴ ደጅ ቅርንጫፉን አምጥቼ ተከልኩት። ጎረቤታችን ጋሽ ላምቦሬ «ይሄማ አስተናግር ነው፣ ሰው ያሳብዳል!» አሉ። አባቴ ገጀራውን አነሳ።

«አባባ፣ ሁለቱም አይበሉም። አስተናግር ግን ሽቅብ ነው የሚያብበው። ይሄ ቁልቁል ካላበበ እኔው እነቅለዋለሁ» አልኩ።

ክረምቱ ሲወጣ አበባው ሁሉ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ደጁን በመዓዛው ሞላው። ጋሽ ላምቦሬ ዞረው ዞረው አዩትና «ለእኔም ቁረጥልኝ እስቲ» አሉ።

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። «አበባውስ አንገቱን ደፋ፤ አንተ መቼ ነው የምትደፋው?»

ስድብ ይሁን ምርቃት ዛሬም አልገባኝም። ቀና ብዬ ትልቁን ቅርንጫፍ ቆረጥኩላቸው።