ከመስመር የወጣው ብርሃን

"ሹፌር፣ መስመር ለቀሃል እኮ!" ብዬ ጮህኩ ዛሬ ጠዋት። ወሎ ሰፈር መንገድ ተዘግቶ ታክሲያችን በውስጥ ለውስጥ ይጠማዘዛል።

ከኋላዬ የተቀመጡ አዛውንት "እሱ መስመሩን አልለቀቀም፤ የጎበጠው መንገዱ ነው" አሉ።

ዞር ስል ማንን ባይ ጥሩ ነው? ጋሽ ተፈራን! በደርግ ጊዜ እዚሁ ቦሌ ፊዚክስ ያስተማሩኝን። ይህቺን አባባል ያኔም ከአፋቸው ሰምቻታለሁ።

በቀበሌያችን የውይይት ክበብ ስለ አንጻራዊነት (ሪላቲቪቲ) እንዲያስረዱ ታዘው ነበር። "ፀሐይ በጨረቃ ስትጋረድ ፎቶ ተነስቶ ታይቷል። የኮከብ ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ ከመስመር ይወጣል" አሉ።

ካድሬው ብድግ አለ። "ጓድ መምህር፣ ከየትኛው መስመር ነው የወጣው?"

በዚያ ዘመን ከመስመር ወጣ የተባለ ሰው ቤቱ አያድርም።

ጋሽ ተፈራ ጠመኔያቸውን እያሹ "ጓድ፣ ብርሃኑማ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ፀሐይ በክብደቷ ያጎበጠችው መንገዱን ነው" አሉ።

ካድሬው አሰበ፣ አሰበና "ታዲያ ታማኝ ነው አይሉንም!" ብሎ አጨበጨበ። እኛማ መዳፋችን እስኪቀላ! (ለብርሃን ያጨበጨበ ቀበሌ የኛው ብቻ ሳይሆን አይቀርም።)

ዛሬ "ያን ቀን አልፈሩም?" አልኳቸው።

"እንዴት አልፈራ! የሚያስቀው ግን ምን መሰለሽ፣ የተሳሳትኩት መጀመሪያ ላይ፣ ብርሃኑ ከመስመር ይወጣል ስል ነው። ፍርሃት ያናገረኝ ነው ትክክለኛው ፊዚክስ!"

ታክሲው በሙሉ ሳቀ፣ ሹፌሩም ጭምር።

እናንተስ፣ አንዲት ቃል ጉድ ልትሠራችሁ ብላ ለጥቂት ተርፋችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፣ ለጋሽ ተፈራ አነብላቸዋለሁ። ብቻ ከመስመር እንዳትወጡ!