ሁዳዴን የጾመው ቡችላ

በቡሬ የእንስሳት ክሊኒክ ሥራ የጀመርኩት ገና በዋለ በማግስቱ ነው። ማዕረጌ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር፤ ከተማው ግን ሳያማክረኝ "ዶክተር" ብሎ ሾመኝ። አዲስ ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ ቴርሞሜትሬን ኪሴ ውስጥ ሰክቼ የታመመ በሬ ስጠብቅ ካርቶን መጣልኝ።

ካርቶኑን ያመጡት የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ባለቤት፣ ወይዘሮ እታፈራሁ ናቸው። ውስጡ ጆሮው የተንጠለጠለ የፈረንጅ ቡችላ አለ፤ አንገቱ ላይ ቀይ ሪባን ታስሯል። ዘላለም የሚባል የዕቅድ ክፍል ባልደረባችን አዲስ አበባ ለስልጠና ሄዶ ከሱቅ ገዝቶ ለኃላፊው የገና ስጦታ ያበረከተው ነው። ኃላፊው ውሻ ይፈልጉ እንደሆነ የጠየቃቸው የለም።

ቡችላው ጉሮሮው ላይ አጥንት ተሰንቅሮበት ያጣጥራል። አፉን ፈልቅቄ በመቆንጠጫ አወጣሁለት።

"የዶሮ አጥንት ማን ሰጠው?" አልኩ።

"በዓል አይደል እንዴ፣ ዶክተር? ቦቢስ አይቅመስ?" አሉ ወይዘሮ እታፈራሁ።

ቦቢ እጄን ላሰኝ። በሥራ ዘመኔ ካመሰገኑኝ ጥቂት ታካሚዎች አንዱ እሱ ነው።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ወይዘሮ እታፈራሁ ጾም አጥባቂ ስለሆኑ ሥጋና ወተት ከግቢያቸው ወጣ። ለቦቢም እንጀራ በሽሮ ይቀርብለት ጀመር። ለክትባት ሲያመጡት የጎድን አጥንቱ ይቆጠር ነበር።

"እትዬ፣ ይኼ እኮ ሕፃን ነው። ወተት ይግዙለት።"

"ኧረ በማርያም! እታፈራሁ በሁዳዴ ወተት ገዛች ልባል? ለውሻ ነው ብል ማን ያምነኛል?"

እናም ቦቢ ጾመ። በመሥሪያ ቤታችን እንደ እሱ አጥብቆ የጾመ አላየሁም።

በጾሙ አጋማሽ ግምገማ ተካሄደ። ኃላፊው ሦስት ቀን ሙሉ ሂስና ግለ ሂስ ሲያደርጉ ሰንብተው ከኃላፊነት ተነሡና ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛወሩ። መኪናው ላይ አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ የተሰበረው ወንበር ሳይቀር ተጫነ። ለቦቢ ቦታ አልተረፈም።

ዘላለም ዘንድ ሄድኩ። "ውሻህ ሜዳ ላይ ቀርቷል፤ አትወስደውም?"

"የምን ውሻ? ዝም በል ባክህ፤ ስሜን ከእሳቸው ጋር አታንሣ!"

እኔም ከእሱ አልተሻልኩም። ተከራይ ነኝ፣ አከራዬ ውሻ አይወዱም ብዬ ተውኩት።

ብዙ ሳይቆይ ያበደ ውሻ ሰው ነከሰና ባለቤት የሌላቸው ውሾች በሙሉ ይወገዱ ተባለ። ሥጋውን መርዞ የሚያስቀምጥ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ባለሙያው እኔ ነኝ። በዋዜማው ቦቢን ክሊኒኩ ውስጥ ልቆልፍበት ከተማውን ዞርኩ። አጣሁት፤ ማታ የመረዝኩትን ሥጋ በየመንገዱ አስቀመጥኩ።

በማግስቱ ጠዋት የቀድሞ ጌቶቹ በር ሥር ተጋድሞ አገኘሁት። ተዘግቶ የከረመውን በር ሲጠብቅ ነው የሞተው። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ የቀመሰው ብቸኛ ሥጋ እኔ የመረዝኩት ነበር። ጋዋኔን አውልቄ ሸፈንኩትና አለቀስኩ።

በዓመቱ የገና ሰሞን ዘላለም ካርቶን ታቅፎ ክሊኒክ መጣ።

"ዶክተር፣ እስቲ ክትባት ውጋልኝ። ለአዲሱ ኃላፊ ነው።"

"ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቀሃቸዋል?"

"ስጦታ ይጠየቃል እንዴ?"

ክትባቱን ወጋሁለት። ሪባኑ በዚህ ጊዜ አረንጓዴ ነበር።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። አለቃችሁን በበዓል ማስደሰት ካማራችሁ ሙክት ስጡ፤ የሙክት መጨረሻ ለሰጪውም ለተቀባዩም ግልጽ ነው። ውሻ ግን ከበዓሉ ማግስትም ይርበዋል።